«ከየት አገኘኸው?» የዘይላዒው ዓሊምና የዛሬው ተማሪያችን

ልጁን ኮሌጅ ያስገባ ቤተሰብ ሁሉ አንድ ቀን የሚያጋጥመው ጉዳይ አለ። መምህሩ ተማሪዎቹን «በዚህ ርእስ ላይ ጥናት ሠርታችሁ አምጡ፤ የተጠቀማችሁበትንም ምንጭ ጥቀሱ» ይላል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ደብተር ሲሸመድድ የኖረ ልጅ ይህን ሲሰማ ግራ ይገባዋል። አንዱ ያለፈው ዓመት ተማሪ የጻፈውን ይገለብጣል፤ ሌላው ከኢንተርኔት ያገኘውን እንዳለ ያወርዳል፤ ዛሬ ደግሞ ኮምፒዩተሩ ራሱ እንዲጽፍለት የሚያዝም አለ። ምንጭ መጥቀስ ለብዙዎቹ ከፈረንጅ የመጣ የቢሮ ሥርዓት ይመስላቸዋል። ይህ ግን ካለፈው ታሪካችን ካለመተዋወቅ የመጣ ስሕተት ነው።

ውድ አንባብያን! የሰሙትን ሁሉ እንዳለ አለመቀበልና ማጣራት በኢስላም የዒባዳ ያህል ክብደት ያለው ጉዳይ ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ፣ ነገረኛ ሰው ወሬ ይዞ ሲመጣ ምእመናን እንዲያረጋግጡ አዟል። ሰሐቦችም ይህን በተግባር አሳይተዋል። ጃቢር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ) በሌላ ሰው በኩል የሰሙትን አንድ ሐዲስ ከባለቤቱ አፍ ለመስማት ግመል ገዝተው፣ የአንድ ወር መንገድ ተጉዘው፣ ሻም ድረስ ወደ ዐብዱላህ ኢብኑ ኡነይስ (ረ.ዐ) ሄደዋል። አንድ ሐዲስ፣ አንድ ወር!

ከዚያ በኋላ የመጡት ዑለማዎች ማጣራትን ብቻ ሳይሆን አጻጻፍንም ለደረሳዎቻቸው በሥርዓት አስተምረዋል። ታቢዒዩ ዑርዋ ኢብኑ ዙበይር ልጃቸውን ሒሻምን «ጻፍክ?» ብለው ጠየቁት። «አዎ» አላቸው። «ከዋናው ጋር አመሳከርከው?» ሲሉት «የለም» አለ። «እንግዲያው አልጻፍክም» አሉት። በ643 ዓመተ ሒጅራ (1245 እ.ኤ.አ) ያረፉት የደማስቆው ዓሊም ኢብኑ ሰላሕም በሐዲስ ትምህርት ኪታባቸው ውስጥ የአጻጻፍን አደብ በዝርዝር አስቀምጠዋል። በሁለት ሐዲሶች መካከል ትንሽ ክብ ይደረጋል፤ ደረሳው ከዋናው ጋር ካመሳከረ በኋላ በክቡ ውስጥ ነጥብ ያኖራል። ነጥብ የሌለበት ክብ ያየ አንባቢ ያ ቦታ ገና እንዳልተጣራ ያውቃል። የተሳሳተ ቃል ሲገኝም በቢላ ከመፋቅ ይልቅ ከሥሩ ያለው እንደሚነበብ አድርጎ መሠረዝ ይሻላል ብለዋል፤ የተፋቀ ነገር ጥርጣሬ ያመጣልና።

ይህ ዕውቀት ከኛ ምድር ራቅ ያለ የዐረብ አገር ታሪክ ብቻ እንዳይመስለን፣ ወደ ዘይላዕ እንምጣ። ዘይላዕ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳር ያለች ጥንታዊ ወደብ ናት። በዚያ ዘመን በግብፅና በሻም የነበሩ ሰዎች የሐበሻን የሙስሊም ግዛቶች በጠቅላላ «የዘይላዕ አገር» እያሉ ይጠሩ እንደነበር አል-ዑመሪ የተባሉት የ14ኛው ክፍለ ዘመን ጸሐፊ መዝግበዋል። በዚህች ወደብ ስም ከታወቁት ታላላቅ ዑለማዎች አንዱ ጀማሉዲን ዐብዱላህ ኢብኑ ዩሱፍ አዝ-ዘይላዒ ናቸው። በ762 ዓመተ ሒጅራ (1360 እ.ኤ.አ) በካይሮ አርፈዋል፤ አላህ ይዘንላቸው።

ሸይኹ የሐነፊ መዝሀብ ተከታይ ነበሩ። «ሂዳያ» የተባለው ታዋቂ የሐነፊ ፊቅህ ኪታብ በየምዕራፉ ሐዲስ ያነሳል፤ ሐዲሱ በየትኛው ኪታብ እንዳለ ግን አያመለክትም። ሸይኹ እያንዳንዱን ሐዲስ ይዘው «ይህ ከየት መጣ?» ብለው ተነሡ። የትኛው ኪታብ ውስጥ እንዳለ፣ ማን ከማን እንዳስተላለፈው፣ ዑለማዎች ስለ አስተላላፊዎቹ ምን እንዳሉ አንድ በአንድ ጻፉ። «ነስቡ ራያ» የሚባለው ይህ ሥራቸው በ1938 እ.ኤ.አ በካይሮ በአራት ቅጽ ታትሟል።

ከሥራቸው ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ፈልገው ያላገኙትን አይደብቁም፤ «ገሪብ» ብለው ይጽፋሉ። በርሳቸው አጠቃቀም ይህ ቃል «አላገኘሁትም» ማለት ነው። የገዛ መዝሀባቸው ኪታብ ላይ እንኳ ይህን ከመጻፍ አላፈሩም። ሁለተኛ፣ የሌሎች መዝሀቦችን ማስረጃ አሟልተው ያቀርባሉ፤ ተቃራኒን ማስረጃ ነፍጎ ማሸነፍን አልፈለጉም። ሦስተኛ፣ ሻፊዒው ሐፊዝ ዘይኑዲን አል-ዒራቂ የኢሕያእን ሐዲሶች ሲያጣሩ ሁለቱ ኪታቦችን አብረው እያገላበጡ፣ አንዱ ለሌላው የሚፈልገውን ይጠቁመው ነበር። ይህንን የነገሩን የአል-ዒራቂ ተማሪ ኢብኑ ሐጀር ናቸው። ፍለጋውን ተረዳዱ፤ ጽሑፉን ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጻፉ። በመረዳዳትና በመገልበጥ መካከል ያለውን ልዩነት ለተማሪ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የት ይገኛል?

በአገራችንም በወሎና በሐረር ደረሳው ስንቁን ተሸክሞ ከሸይኽ ወደ ሸይኽ ሲዞር፣ ኪታቡን በእጁ ሲገለብጥ፣ የጻፈውንም ሸይኹ ፊት ሲያነብ ኖሯል። የዛሬው የኮሌጅ ተማሪ የዚህ ወራሽ ነው። ምንጩን ሳይጠቅስ የሰው ሐሳብ የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብ ልጅ ነጥብ ያገኝ ይሆናል፤ አማናውን ግን ይጎዳል። ይህ ልማድ ክፍል ውስጥ ብቻ አይቀርም። ምንጭ መጠየቅ ያልለመደ ወጣት ነው ነገ በስልኩ የመጣለትን «ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ብለዋል» የሚል መልእክት ሳያጣራ ለመቶ ሰው የሚልከው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ጥናቱን ይዞ ሲመጣ «ስንት አገኘህ?» ከማለታችሁ በፊት «ከየት አገኘኸው?» በሉት። ያነበበውን በራሱ ቃል እንዲነግራችሁ አድርጉ። ዋናውን አይቶ ካላመሳከረ ዑርዋ ለልጃቸው ያሉትን አስታውሱት። ያላገኘውንም «አላገኘሁም» ብሎ ቢጽፍ አትቆጡት፤ የዘይላዒው ሸይኽ መንገድ ነውና። ለዚህ ኮሌጅ የገባ ወላጅ መሆን አያስፈልግም፤ ጥያቄውን መጠየቅ ይበቃል።

አላህ ልጆቻችንን ጠቃሚ ዕውቀት ይስጣቸው፤ ብዕራቸውንም የእውነት ብዕር ያድርግላቸው። አሚን። ወላሁ አዕለም።