ውሃ ማሳደር

«ውሃና ኮረንቲ? ምን ነካህ ልጄ?» አለችኝ እናቴ። ከሄግ አዲስ አበባ በቪዲዮ ደውዬ የኮምፒውተሬን ሆድ ከፍቼ እያሳየኋት ነበር። እንደ ብርጭቆ የጠራ ቱቦ፣ በቱቦው ውስጥ የሚዞር ውሃ፣ ከሥሩ ማዘርቦርድ። በእርጥብ እጄ ሶኬት እንዳልነካ እየተቆጣች ያሳደገችኝ ናትና ድንጋጤዋ አልገረመኝም። በሄግ፣ በሮተርዳምና በአምስተርዳም ያለን ጥቂት ሐበሾች ይህን ኮምፒውተር በውሃ የማቀዝቀዝ ሥራ እንዴት እንደያዝነው ሲጠይቁኝ ዛሬም የምነሣው ከእሷ ጥያቄ ነው። ሥራው ሁሉ የሚያርፈው እሷ በፈራችው ነገር ላይ ነውና።

እኔን ወደዚህ የገፋኝ ሙቀት ነው። የምኖረው ሄግ ውስጥ በአንድ አሮጌ ሕንፃ ላይ፣ ከጣሪያ ሥር ባለች ክፍል ነበር። እንጀራዬ ደግሞ ገና ያልተሠራ ቤት ተሠርቶ ሲያልቅ ምን እንደሚመስል ለአርክቴክቶች በኮምፒውተር ምስል ማውጣት ነው። የኔዘርላንድ ቤት ለብርድ የተሠራ ነው፤ አንዴ የገባ ሙቀት ቶሎ አይወጣለትም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 25 ቀን 2019 በአገሪቱ ደቡብ፣ ኺልዘ-ራይን በተባለ ቦታ 40.7 ዲግሪ ተለካ። ልኬት ከተጀመረ ወዲህ ሙቀቱ ከ40 ሲያልፍ ያ የመጀመሪያው ነበር። በዚያ ቀን የእኔ ግራፊክስ ካርድ ብቻውን 250 ዋት እየሳበ ያንኑ ያህል ሙቀት እግሬ ሥር ይተፋል። ፋኖቹ እንደ ጄነሬተር ይጮኻሉ። ከሌሊት ጀምሮ ሲያሰላ የቆየውን ምስል ሊጨርስ ትንሽ ሲቀረው ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ ጠፋ። ደግሜ አበራሁት፣ ደግሞ ጠፋ። ወደ ውሃ የዞርኩት ያኔ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ በግልጽ ልናገር፦ ውሃ ቅዝቃዜ አይፈጥርም። ክፍሉ 30 ዲግሪ ከሆነ ውሃው ከ30 በታች አይወርድም። የውሃ ሥራ ሙቀቱን ከጠባቡ ቦታ አንሥቶ ሰፊ ቦታ ላይ ማድረስ ነው። እኩል ስፍር አየርና ውሃ ቢወሰዱ፣ በአንድ ዲግሪ ለመሞቅ ውሃው ከአየሩ ከ3000 እጥፍ በላይ ሙቀት ይጠጣል። ፕሮሰሰሩ ጥፍር በሚያህል ቦታ ላይ የሚያወጣውን ሙቀት ውሃው ወስዶ ክንድ በሚያህል ራዲያተር ላይ ይዘረጋዋል፤ ከዚያ በዝግታ የሚዞሩ ፋኖች ይበቁታል። ክፍሉ መሞቁ አይቀርም፤ ጩኸቱ ግን ይቀራል፣ ማሽኑም መሐል መንገድ ላይ አይጠፋም።

የመጀመሪያውን የሠራሁት ብቻዬን ነው፤ ተበላሸም። ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀመጠው ብሎክ የመዳብ ነው። ራዲያተሩን ግን ርካሽ ስለነበረ ብቻ አሉሚኒየም ገዛሁ። ለአራት ወር ያህል ደህና ሠራ። ከዚያ ውሃው ደፈረሰ፣ የፕሮሰሰሩ ሙቀትም ቀን በቀን ሽቅብ ይል ጀመር። ብሎኩን ፈትቼ ሳየው ከግማሽ ሚሊሜትር የሚጠቡት መስመሮቹ በነጭ ዝቃጭ ተደፍነዋል። ምክንያቱ ስላልገባኝ ሁሉንም በላስቲክ አድርጌ፣ ጓደኛዬ ባለበት ሮተርዳም ወደሚገኝ አንድ የጥገና ካፌ ወሰድኩት።

የጥገና ካፌ የዚህ አገር ልጅ ነው። የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 18 ቀን 2009 አምስተርዳም ውስጥ ያዘጋጀችው ማርቲን ፖስትማ የተባለች ጋዜጠኛ ናት። ሰው የተበላሸበትን ዕቃ ይዞ ይመጣል፣ ሙያ ያለው በነፃ ቁጭ ብሎ አብሮ ይጠግናል። እኔ ያገኘሁት ጠጋኝ ሐበሻ ሆነ። ስማቸውን አልጠራም፤ ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ የመኪና ራዲያተር ሲበይዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ኮምፒውተር በውሃ ሲቀዘቅዝ አይተው አያውቁም። ላስቲኩን ፈትተው ራዲያተሩን በጣታቸው ቆረቆሩት፣ ብሎኩን ወደ መብራት አዞሩት፤ ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ይሄ አሉሚኒየም ነው፤ ይሄ መዳብ። ማን ነው በአንድ ውሃ ያገናኛቸው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ይበላላሉ ልጄ። ውሃው መሐል ገብቶ አንዱን በአንዱ ያስበላዋል። ራዲያተርህም የመዳብ ይሁን።»

ከፍዬ ልማረው እችል የነበረውን ትምህርት በሦስት ዐረፍተ ነገር ጨረሱልኝ። ቤት ሄጄ ሳነብ ነገሩ እሳቸው እንዳሉት ነው። ሁለት የተለያዩ ብረቶች በአንድ ፈሳሽ ውስጥ ሲገናኙ እንደ ባትሪ ይሆናሉ፤ ደካማው እየተበላ ያልቃል። እዚህ ደካማው አሉሚኒየም ነው።

ይህ ሙያ ከመኪና ጋር ምን ያህል እንደሚዛመድ የገባኝም ከዚያ ወዲህ ነው። የአይቢኤም ትላልቅ ኮምፒውተሮች በእ.ኤ.አ. 1960ዎቹም በውሃ ይቀዘቅዙ ነበር። በ1985 የወጣው ክሬይ-2 የተባለ ሱፐርኮምፒውተር ጭራሽ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ ነበር የሚሠራው። ያ የመንግሥትና የትልልቅ ድርጅት ነው። ነገሩ ወደ ሰው ቤት የገባው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። 300 ሜጋኸርዝ ተብሎ የተሸጠውን የኢንቴል ሴለሮን 300ኤ ፕሮሰሰር በ450 የሚያሠሩት ዓይነት ወጣቶች ሙቀቱን የሚያወርዱበት የተሻለ ዘዴ ፈለጉ። በመደብር የተዘጋጀ ዕቃ እንደ ልብ አልነበረምና ከአሮጌ መኪና የውስጥ ማሞቂያውን ትንሽ ራዲያተር ነቀሉ፣ ከዓሣ ማሳደጊያ ገንዳ ፓምፕ ወሰዱ፣ የመዳብ ቁራጭ እየበሱ ብሎክ ሠሩ። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው አልተደነቁም። «ታዲያ ከየት ሊያመጡት ነበር?» አሉኝ።

እሳቸው በገቡበት ነው ነገሩ ከእኔ አልፎ የሄደው። የሮተርዳሙ ጓደኛዬ ማሽን ተከተለ፤ ከዚያ አምስተርዳም ያለች ቪዲዮ የምታቀናብር እህት መጣች፤ ከዚያ የእሷ የአጎት ልጅ። ሦስቱ ከተሞች በባቡር ቅርብ ናቸው፤ ከሄግ ሮተርዳም ግማሽ ሰዓት፣ አምስተርዳም ከአንድ ሰዓት በታች። ዕቃው ደግሞ ሩቅ አይደለም። የምንገዛባቸው ሠሪዎች ያሉት ጀርመንና ስሎቬኒያ ነውና ፖስታው ጉምሩክ ሳይነካው በጥቂት ቀን በር ላይ ይደርሳል። ይህ አገር በትርፍ ጊዜው ኮምፒውተር የሚነካካ ሰውን ከጥንትም ያውቃል፤ ኤችሲሲ የተባለው የኮምፒውተር አፍቃሪዎች ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ኬዝና ፋን የምንለቅመው ግን በንጉሡ ቀን ነው። ኤፕሪል 27 ማንም ሰው ያለ ፈቃድ መንገድ ላይ አንጥፎ አሮጌ ዕቃውን ይሸጣል። አምስተርዳም ላይ በማለዳ ተነሥቶ የወጣ ሰው ደህና የአሉሚኒየም ኬዝ በምሳ ዋጋ ይዞ ይመለሳል።

አማርኛው በሥራው መሐል እየመጣ ነው የተሠራው። ውሃ የሚጠራቀምበትን ዕቃ «ሮቶ» አልነው፤ አዲስ አበባ ቤት ጣሪያ ላይ የተቀመጠውን ታንከር ስለሚመስል ሳይሆን ሥራው ያው ስለሆነ። ከሮቶው ወደ ፓምፑ፣ ከፓምፑ ወደ ፕሮሰሰሩ፣ ከዚያ ግራፊክስ ካርዱ፣ ከዚያ ራዲያተሩ፣ ተመልሶ ሮቶ። ፊቲንግን ፊቲንግ አልነው። በፊቲንጉ ውስጥ ያለችውን የጎማ ቀለበት ግን ጋሼ «ዳኛዋ» ይሏታል። ቀለበቷ ከተጣመመች ወይም ፀጉር ከያዘች ውሃው በእሷ በኩል ይወጣል።

ቱቦ ማጠፍ ላይ ከአምስተርዳሟ እህት የሚስተካከል የለም። የምንጠቀምበት ጠንካራ የፕላስቲክ ቱቦ ውጪው 16 ሚሊሜትር ነው። እንዳይጨፈለቅ የሲሊኮን ገመድ በውስጡ ታስገባለች። በሙቅ አየር መንፊያው ላይ ቱቦውን በሁለት እጇ ይዛ ሳታቋርጥ ታዞረዋለች። አንድ ቦታ ላይ ከቆመ አረፋ ያወጣል፣ ያ ቱቦ ተጣለ ማለት ነው። መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ በእጇ መሐል ያለው ክፍል በራሱ ክብደት ረገብ ይላል። ያኔ ከሙቀቱ ታወጣውና ቅርጽ መያዣው ላይ አስደግፋ ዝም ትላለች። ሃያ ሰከንድ ያህል አይተነፈስም። ስትለቀው 90 ዲግሪ ሆኖ ይቀራል። ለእኔ ከአምስት ሁለቱ ይሰበራሉ፤ ለእሷ አንድም ሲሰበር አላየሁም።

ውሃው ራሱ ሌላ ወሬ ነው። የዚህ አገር የቧንቧ ውሃ ክሎሪን የለውም። የአምስተርዳም ሕዝብ ከእ.ኤ.አ. 1853 ጀምሮ በባሕር ዳር የአሸዋ ኮረብታ የተጣራ ውሃ ይጠጣል፣ የሄግም የሚጣራው በዚያው ዓይነት አሸዋ ነው፤ የሮተርዳም በብዛት ከማስ ወንዝ የሚመጣ ነው። አብረውን ያሉ ወጣቶች «እንዲህ የጠራ ውሃ ለምን አናስገባም?» ይላሉ። አይገባም። ለሰው የሚስማማው ማዕድን ለመዳብ አይስማማም፤ በሞቀ ውሃ ውስጥ ደግሞ ሕይወት ያለው ነገር ይበቅልና ቱቦው አረንጓዴ ዝልግልግ ይይዛል። የምንገዛው ለልብስ ካውያ የሚሸጠውን፣ ደቾች ዴሚዋተር የሚሉትን ማዕድኑ የወጣለት ውሃ ነው። ዝገት የሚከላከልና የሚበቅለውን የሚገድል ጠብታ እንጨምርበታለን፣ በዓመት አንዴም እንቀይረዋለን። ጋሼ ግን እስከ ዛሬ «የባትሪ ውሃ» ነው የሚሉት።

አሁን ወደ እናቴ ጥያቄ ልመለስ። ማዕድኑ የወጣለት ውሃ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው በጣም በጥቂቱ ነው ይባላል፤ እውነት ነው። ግን ከብረቱ ጋር ሲዞር ከረመ ማለት ያ ንጽሕናው ሄደ ማለት ነው፤ በእሱ የሚተማመን ሰው ማሽኑን ያቃጥላል። መተማመኛው ማሳደር ነው። ውሃው ሲሞላ ከፓምፑ በቀር ምንም ነገር ኮረንቲ አያገኝም። የፓወር ሰፕላዩ ትልቁ 24 ፒን ሶኬት ከማዘርቦርዱ ይነቀላል፣ ሁለት ቀዳዳዎቹ በአጭር ሽቦ ይገናኛሉ፣ ፓምፑ ብቻውን ይነሣል። በየፊቲንጉ ሥር ነጭ ሶፍት ይነጠፋል። አየሩን ለማስወጣት ኬዙን ቀስ አድርጎ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ኋላ ማዘንበል ነው። «እንደ ሕፃን አስገሳው» ይላሉ ጋሼ። እውነትም የታፈነው አየር ሮቶው ውስጥ ጉርግርግ ብሎ ይወጣል። ከዚያ እስከ ማግሥቱ ይታደራል።

ሌላው ሰው ይህን ሌሊት የሚያሳልፈው፣ እኔ እስከማውቀው፣ ፓምፑን አስነሥቶ ተኝቶ ነው። እኛ ጋ ግን መጀመሪያ ላይ ከፍርሃት የተነሣ አብረን ቁጭ አልን፤ ኋላ ፍርሃቱ ቢሄድም መቀመጡ ልማድ ሆነልን። ቅዳሜ ማታ የባለ ማሽኑ ቤት እንሰበሰባለን። ቡና ይፈላል። አቦል ሲጠጣ አንድ ሰው ተነሥቶ በባትሪ መብራት ሶፍቱን ያያል፣ ቶና ላይ ሌላ ሰው፣ በረካ ላይ ሌላ። ፊቲንግ ካፈሰሰ ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው በመጀመሪያው ሰዓት ነው። ቀሪው ሌሊት የጨዋታ ነው። ሶማሌ ተራ በደርግ ጊዜ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ስንጠብቅ ያለቀው ዘመን፣ የልጆች ትምህርት። እኔ በዚህ አገር በቆየሁባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ ረጅም የአማርኛ ጨዋታ የትም አግኝቼ አላውቅም። ሰው በሥራና በባቡር ሰዓት ተከፋፍሎ ነው የሚኖረው፤ «ና እንጫወት» ብትለው ቀጠሮ ደብተሩን ያያል። «ውሃ ላሳድር ነው» ስትለው ግን ይመጣል።

ባለፈው ክረምት ያሳደርነው የአንድ ጓደኛችንን ልጅ ማሽን ነው። እዚሁ ሄግ የተወለደች የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት። አማርኛ ትሰማለች፣ ስትመልስ ግን በደች ነው። ዕቃውን ለአንድ ዓመት ያህል የሱፐርማርኬት ደመወዟን እያጠራቀመች ነው የገዛችው፤ ፊቲንጉን ሁሉ ያጠበቀችው በራሷ እጅ ነው። ጋሼ በካቻቪቴ ጫፍ እየጠቆሙ «ይቺን ዳኛ እያት» ሲሏት ጎንበስ ብላ ታያለች። ማታ ላይ ሶፍቱን አይታ በደች «አያፈስም» አለች። ጋሼ ደች ያውቃሉ፤ ያልሰሙ መሰሉ።

ሌሊቱን እየተቀያየርን አየነው። ንጋት ላይ አብዛኞቻችን ሶፋው ላይ ጥግ ጥግ ይዘን አንቀላፍተናል፣ ጋሼ ብቻ ወንበራቸው ላይ ነቅተዋል። ልጅቷ በባዶ እግሯ መጥታ ተንበረከከች። ሶፍቱን አንድ በአንድ እያነሣች ጉንጯ ላይ አስነካችው፤ እርጥበት ከእጅ ይልቅ በጉንጭ እንደሚታወቅ ያሳዩዋት ራሳቸው ነበሩ። የመጨረሻውን ካስቀመጠች በኋላ ትንሽ አሰበች።

«ጋሼ፣ ጠብ አላለም» አለች።

እሳቸው የ24 ፒኑን ሶኬት ከወለሉ አንሥተው ሰጧት።

«እንግዲያው ሰኪውና አብሪው፣ ልጄ።»