የካቲት 1966፦ ማኅበራት፣ ጎዳናና ፊልም

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ የምክር ቤት አባላትን እንዲመርጥ ቢፈቅድም፣ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም። ሚኒስትሮች ተጠሪነታቸው ለንጉሠ ነገሥቱ ነበር፤ ሬዲዮውና ዋና ዋናዎቹ ጋዜጦችም በመንግሥት እጅ ነበሩ። ብሶት ያለበት ወገን አቤቱታውን የሚያሰማው በማኅበሩ በኩል ነበር፤ ሰሚ ሲያጣ የሚቀረው ሥራ ማቆም ብቻ ነበር።

በ1966 ዓ.ም. ሁለት ጉዳዮች ገጠሙ። ነዳጅ በዓለም ገበያ በመናሩ የቤንዚን ዋጋ ሲጨመር፣ የታክሲ ነጂዎች ታሪፉም ይስተካከልልን አሉ። በዚያው ሰሞን «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ጥናት መነጋገሪያ ሆነ። ጥናቱ ለአብዛኛው ሕፃን የአራት ዓመት ትምህርት አዳርሶ የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲውን በር የሚያጠብብ ነበር። ሐሳቡ ለገጠሩ የሚያደላ ስለነበር ሙሉ በሙሉ የሚናቅ አልነበረም። ይሁን እንጂ ወላጅ ልጁን ትምህርት ቤት የሚልከው ለሹመትና ለደመወዝ ነበርና፣ ጥናቱን የድሃውን ልጅ ማስቀሪያ አድርጎ አየው። የመምህራን ማኅበርም የደመወዝ ጥያቄውን ከዚህ ጋር አያያዘ፤ ጉልበት ያገኘውም በዚህ ነው። የአባላቱ ጥቅምና የሕዝቡ ስጋት አንድ ድምፅ ሆኑ።

የካቲት 11 ቀን መምህራንና የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። በጥቂት ቀናት ውስጥ የቤንዚኑ ዋጋ ተቀነሰ፣ ጥናቱ እንዲቆይ ተደረገ፣ ለወታደሩም ደመወዝ ተጨመረ። ነገሩ ግን በዚህ አልበረደም። አንዱ ጠይቆ ሲያገኝ ያየ ሌላው ተነሣ፤ የካቲት ሳያልቅ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። የካቲት 28 ቀን ደግሞ የሠራተኞች አንድነት ማኅበር ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። አራት ቀን የዘለቀው አድማ ያበቃው አዲሱ ካቢኔ አብዛኛውን ጥያቄ ሲቀበል ነው።

የመገናኛ ብዙኃን ድርሻ መጀመሪያ የመጣው ከውጭ ነበር። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረኃብ የቀረጸበት ፊልም በጥቅምት 1966 በብሪታኒያ ቴሌቪዥን ታይቶ ብዙ እርዳታ አሰባሰበ። ያው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተቀናብሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በማግስቱ ከዙፋን ወረዱ። ከዙፋን ያወረዳቸው ወታደራዊው ደርግ የሕዝብን ስሜት ለማዘጋጀት ፊልም ምን ያህል እንደሚጠቅም ፈጥኖ የገባው ይመስላል።

ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. አደባባይ ያወጡት «መሬት ለአራሹ» የሚለው ጥያቄም ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 ባወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መልስ አገኘ። ያው ደርግ በ1968 ዓ.ም. የሠራተኞች አንድነት ማኅበርን አፈረሰ፤ ቆይቶም በራሱ ቁጥጥር ሥር ያለ ሌላ ማኅበር አቋቋመ።