በሰው ፊት የተነገረ ቃል

ባልና ሚስት ሲጣሉ ነገሩን ወደ ሽማግሌ መውሰድ ከአባቶቻችን የወረስነው ወግ ነው። ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ፤ ከሳሽና ተከሳሽ ተራ በተራ ቃላቸውን ይሰጣሉ፤ በዳይ የተባለው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምናል፤ ጎረቤት ቆሞ ያያል። ወጉ ጉድለት ነበረበት። ሚስትን «ቻይው» ብሎ ወደ ዱላ የመለሰ ሽምግልና ጥቂት አልነበረም፤ የልጅነት ጋብቻንም የመረቁት እነዚያው ሽማግሌዎች ናቸው። ይህን ሳንሸሽግ እንውረሰው። ቢሆንም በቤት ውስጥ የተወሰነ ነገር የሚጸናው ምስክር ሲኖረው መሆኑን ከእኛ ይልቅ እነሱ ያውቁ ነበር።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎችን የትዳር ክርክር ዳኞች አደረጋቸው፤ ለሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜም 15 ዓመትን ፈቀደ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ዕድሜውን ወደ 18 አነሣ፤ የመፍረድ ሥልጣኑንም ለፍርድ ቤት ሰጠ። ትክክለኛ እርምጃ ነበር። ነገር ግን ፍርድ ቤት ትዳርን ያፈርሳል እንጂ ከመፍረሱ በፊት ቤት ድረስ ሄዶ አያወያይም። ያ ቦታ ባዶ ቀረ፤ በየጊዜው የምንነድፋቸው የቤተሰብ ዘመቻዎችም የሚሞክሩት ያንኑ ቦታ መሙላት ነው።

ጥሩ የሠሩም ነበሩ። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» ድራማ 257 ክፍሎች ነበሩት። የአሠራሩ መነሻ ሚጌል ሳቢዶ የተባለው የሜክሲኮ የቴሌቪዥን ባለሙያ ነው፤ አንዱ ገጸ ባሕርይ በጎውን ይይዛል፣ ሌላው ክፉውን፤ አድማጭ ግን ልቡን የሚሰጠው በመካከል ለሚዋልለው፣ ተሳስቶ ቀስ በቀስ ለሚማረው ሰው ነው። የዛሬ ዘመቻ አዘጋጆች ይህን የረሱት ይመስለኛል። በቢልቦርዱ ላይ ያለው ቤተሰብ ሁልጊዜ ፈገግ እንዳለ ነው፤ የተጣላ ሰው ራሱን አያገኝበትም።

ከሁሉ የምደነቀው ግን በከምባታው ሥራ ነው። ዶክተር ቦጋለች ገብሬ ከእህታቸው ጋር ያቋቋሙት ድርጅት የሴት ልጅ ግርዛትን ለማስቀረት ማኅበረሰቡን አንድ ላይ አስቀምጦ ማወያየትን መረጠ። ሽማግሌው፣ እናቲቱና ያላገባችው ልጅ ደጋግመው ተነጋገሩ። ከዚያም አንዲት ሙሽራ አለመገረዟን የሚናገር ጽሑፍ አንግታ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ተዳረች፤ ሙሽራውም እርሷን በማግባቱ መደሰቱን የሚገልጽ ጽሑፍ አንግቶ አጠገቧ ቆመ። የጥንቱ ምስክርነት እንዳለ ነበር፤ የተለወጠው የሚመሰከርለት ነገር ነው። ሴቶቹም በዚህ ጊዜ ተናጋሪዎች ነበሩ።

የእኛ ዘመን ቤተሰብ ሌላ ፈተና አለበት። እናት ቤይሩት ወይም ሪያድ ሰው ቤት እየሠራች ልጇን በስልክ ታሳድጋለች፤ አባት ከተማ ለቀን ሥራ ወጥቷል፤ አያት በስተርጅና እንደገና እናት ሆናለች። «ቤተሰብ የአገር መሠረት ነው» የሚል መፈክር ለዚህች አያት ምንም አይነግራትም።

ስለዚህ ዘመቻ የምትነድፉ ወገኖች፣ ከመፈክሩ በፊት ዕድሩን ጠይቁ። ድንኳንና ወንበር አለው፤ ሰው በየወሩ መዋጮ ይዞ ይመጣል። አንድ ጉዳይ ብቻ ምረጡ፤ ለምሳሌ ከውጭ የሚላከው ገንዘብ በማን ምክር እንደሚወጣ። አጭር የሬዲዮ ድራማ አሰምታችሁ ዝም በሉ፤ መጀመሪያ ሴቶቹ ይናገሩ። ዱላ ያለበት ጉዳይ ሲነሣ ግን ለእርቅ አትቸኩሉ፤ ወደ ሕግ የሚወስደውን መንገድ አሳዩ። የተስማሙበትን በዕድሩ መዝገብ ያስጽፉ። በሚቀጥለው ዓመትም በጀቱ አለቀ ሳትሉ ተመልሳችሁ መዝገቡን ግለጡት።