የአርበኝነት ሜዳይ ከነዘንባባው

ብረትና ጥብጣብ። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመ፤ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሽልማት። ብቸና አውራጃ፣ ደብረ ወርቅ፣ ጎጃም።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዘለቀው የጠላት ወረራ ዘመን በዱር በገደል ለተጋደሉ አርበኞች፣ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሰጡት ይህ ሜዳይ፣ ለሚያነብበው ሰው አጭር የአገልግሎት መዝገብ ነው። በጥብጣቡ ላይ የተሰኩት የዘንባባ ቅጠሎች እያንዳንዳቸው የአንድ ዓመት ተጋድሎ ምልክት ናቸውና፣ አምስት ዘንባባ የሰካ አርበኛ መከራውን ከጥንቱ እስከ ፍጻሜው የታገሠ ነው።

በብረቱ ላይ የባለቤቱ ስም አልተቀረጸም። የአርበኛው ጭፍራም እንደ መደበኛ ሠራዊት የደመወዝ መዝገብ ስላልነበረው፣ የአያቱን ገድል የሚመረምር የልጅ ልጅ አስቀድሞ ከየትኛው የጦር አለቃ በታች እንደ ዋሉ ማወቅ፣ ከዚያም የምስክር ወረቀታቸውንና የጥንታዊት ኢትዮጵያ ጀግኖች አርበኞች ማኅበርን መዛግብት መመርመር ይገባዋል። ድካሙ የሚበዛው በስም ላይ ነው፤ አንዱ ሰው በወረቀት በዓለም ስሙ፣ በቤተ ክርስቲያን በክርስትና ስሙ፣ በጦር ሜዳ በፈረስ ስሙ ይጠራ ነበርና፤ በብቸና አርበኞችን የመሩት በላይ ዘለቀ እንኳ በጓዶቻቸው አንደበት «አባ ኮስትር» ነበሩ። በሮማ በጣሊያን ጦር የታሪክ ክፍል የተጠበቁት የጠላት ዘገባዎችም ስሙን በላቲን ፊደል፣ ዘመኑን በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሚጽፉ፣ የእኛ 1930 ዓ.ም. በእነርሱ ዘንድ በ1937 እና በ1938 ተከፍሎ ይገኛል።