የውሃ ዋጋ፤ ከጎተራ ሒሳብ እስከ ነፋስ ኃይል

ጎተራውን ከአዝመራ እስከ አዝመራ አብቃቅቶ የሚያደርስ ገበሬ ዘወትር አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ይኸውም «ዛሬ የማወጣው አንድ ቁና እህል ለነሐሴ ቢቆይ ምን ያህል ይጠቅመኝ ነበር?» የሚል ነው። የግድብ ሐይቅ የሚያስተዳድር መሐንዲስ ጥያቄም ከዚህ አይለይም። ውሃው ከሰማይ የዘነበ በመሆኑ በነፃ የተገኘ ይመስላል፤ ሆኖም ዛሬ በተርባይን ያለፈ ውሃ ለነገ አይኖርምና እውነተኛ ዋጋው ነገ ሊያድነን ይችል የነበረው ወጪ ነው። አሳቡ ሲነገር ቀላል ነው፤ ተሰልቶ ለዕለት ሥራ እስኪበቃ ድረስ ግን የመሐንዲሶች አንድ ትውልድ አልፏል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩን አስቀድመው በስፋት ከመረመሩት አንዱ ፈረንሳዊው መሐንዲስ ፒየር ማሴ ናቸው። ስለ ክምችት አስተዳደር የጻፉት ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ በ1946 ታተመ። ማሴ መጪው ዝናብ የማይታወቅ መሆኑን እንደ ሒሳብ ጉድለት አልቆጠሩትም፤ እንዲያውም የሒሳቡ እምብርት አደረጉት። ኋላም ከ1959 እስከ 1966 የአገራቸው የፕላን ኮሚሽነር ሆነው ሠርተዋል። ከግድብ ሒሳብ ተነሥቶ የአገር ፕላን እስከ መምራት መድረስ ለሙያችን የሚያኮራ ይመስለኛል።

በ1961 ስዊድናውያኑ ስታጌና ላርሶን የውሃን ዋጋ ለኃይል ማመንጫ ሥራ የሚያሰላ ዘዴ አሳተሙ። በኖርዌይም በ1970ዎቹ በዚሁ መሠረት የአገሪቱን ግድቦች በሳምንት በሳምንት የሚያሰላ ሞዴል ተዘጋጀ። ይሁን እንጂ የዘመኑ ኮምፒዩተር አቅም ውስን ስለ ነበረ ብዙ ሐይቆች እንደ አንድ ሐይቅ፣ የሳምንቱ ሰዓቶችም በጥቂት ክፍሎች ተጠቃለው ይቆጠሩ ነበር። ጥያቄው «ውሃው እስከሚቀጥለው የውሃ ሙላት ያደርሰናልን?» የሚል እስከ ሆነ ድረስ ይህ አያሳፍርም።

ለብዙ ሐይቆች ሒሳብ የተሻለ መንገድ የተገኘው በብራዚል ነው። ፔሬራና ፒንቶ በ1991 ያሳተሙት ዘዴ የእያንዳንዱን ሐይቅ ከፍታ ከሌላው ጋር እያጣመሩ አንድ በአንድ ከመቁጠር አዳነ። ነገር ግን በ2001 ያችው ብራዚል ኤሌክትሪክን በራሽን ለማደል ተገደደች። ድርቁና የግንባታው መዘግየት ተደራርበው ነበር። በደቡብ ክፍል ያሉት ሐይቆች ውሃ ሳያጡ፣ የማስተላለፊያው መስመር ጠባብ ስለ ነበረ ትርፉ ለተቸገረው ክፍል በበቂ አልደረሰም። በሒሳብ አንድ የሆነው ሐይቅ በምድር ላይ ብዙ ነበር።

የነፋስ ኃይል ሲመጣ ደግሞ ሰዓቱም እንደ ሐይቁ ተበተነ። ኖርዌይንና ዴንማርክን በባሕር ሥር የሚያገናኘው የስካገራክ ገመድ በ1976 እና በ1977 ሲዘረጋ ዓላማው የኖርዌይን ውሃና የዴንማርክን የድንጋይ ከሰል ማለዋወጥ ነበር። ዛሬ ዴንማርክ ከምትጠቀምበት ኤሌክትሪክ ግማሽ ያህሉ ከነፋስ ይገኛል፤ በዚያው ገመድ ነፋስ ሲበረታ ኃይል ወደ ኖርዌይ ይሄዳል፣ ውሃውም ይቆጠባል፤ ነፋስ ሲያርፍ ተርባይኖቹ በደቂቃዎች ውስጥ ይነሣሉ። የሳምንት አማካይ ይህን አያሳይም። ተርባይኑ በምን ፍጥነት ይነሣል? ከግድቡ በታች ያለው ወንዝስ በአንድ ቀን ስንት ጊዜ ሞልቶ ስንት ጊዜ ይጎድላል? ሞዴል እነዚህን ካልጠየቀ የውሃውን ታዛዥነት አጋንኖ ይናገራል።

የአገራችንም ሁኔታ ከዚህ አይርቅም። ግልገል ጊቤ ሁለት የራሱ ትልቅ ሐይቅ የለውም፤ ከግልገል ጊቤ አንድ የወጣውን ውሃ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ዋሻ ተቀብሎ ይሠራል። ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻቸው እንደሚታዘዙ ማመንጫዎች የሚቆጥር ሰው አንዱን ውሃ ሁለት ጊዜ ያዝበታል። በ2019 የጊቤ ሦስት ሐይቅ ዝቅ ባለ ጊዜ መብራት በፈረቃ መታደሉን ሁላችን እናስታውሳለን። በአንጻሩ በ2013 የተመረቀው የአሸጎዳ ነፋስ ማመንጫ 120 ሜጋዋት አቅም አለው፤ ነፋሱም በጥቅሉ በበጋ ስለሚበረታ ወንዙ በሚሳሳበት ወቅት ይደግፈዋል።

በመስከረም 2025 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ስለ ሆነ ለዚህ ዓይነቱ ማመጣጠን ታላቅ ስፍራ አለው። በ2021 «ኔቸር ኢነርጂ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ግድቡ ከፀሐይና ከነፋስ ጋር ተቀናጅቶ ቢሠራ በበጋ ከአማካዩ ዝቅ፣ በክረምት ደግሞ ከፍ ብሎ እንደሚያመነጭ አመልክቷል፤ ይኸውም የሚለቀቀውን ውሃ ወደ ወንዙ የተፈጥሮ ወቅት ያቀርበዋል። ውጤቱ ያላሰብኩት ነበር፤ ማመጣጠን ወንዙን ያውካል ብዬ ነበርና። በሰዓት ሲታይ ግን ጥያቄው አሁንም አለ።

ሞዴሉን የሚሠሩ ባልደረቦቻችን በ1960 ሥራ የጀመረውን ቆቃን ቢያስቡ እወዳለሁ። ውሃው መብራት ብቻ አይደለም፤ በታች ያሉት የአዋሽ እርሻዎች በመስኖ ይጠብቁታል፤ ስለዚህ ተርባይኑ የሚከፈትበት ሰዓት በነፋስ ብቻ አይወሰንም። ሐይቁም ለዓመታት በደለል ሲሞላ ቆይቷል። ግድቡ ሲነደፍ የተጻፈውን የመያዣ መጠን ዛሬ በሞዴል የሚያስገባ ሰው፣ ነፋሱ ባረፈ ምሽት ስፍራውን ደለል በያዘበት ውሃ ተርባይን ሊያዞር አቅዷል።