ፉከራ ሰሚ ሲያጣ

ፉከራ ሰሚ ይፈልጋል (ፖስት ላይክ እንደሚፈልገው በሉት)። ፎካሪው ጦሩን እየነቀነቀ ግዳዩን ሲቆጥር፣ አባቱን ሲጠራ፣ ዙሪያውን የቆመው ሰው ነገ ምስክር ይሆንበታል። ቃሉን ካጠፈ ፈሪ ነው፤ ስሙ ደሞ ለልጅ ልጁ ይተርፋል። እኔ ፉከራን የማየው እንደ ውል ነው። ሰውየው ገና ጥይት ሳይጮህ ማምለጫውን በገዛ አፉ ይዘጋል።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ የሆነውን ሳነብ ይሄ ውል ይታየኛል። የኢትዮጵያ ጦር ጎህ ሲቀድ ተነስቶ የመሸገውን የኢጣሊያ ሠራዊት ፊት ለፊት ገጠመ። ከፊት መትረየስና መድፍ፣ ከላይ አውሮፕላን። የወደቀውን እየተራመደ ተመልሶ የሚያጠቃ ነበር። ትእዛዝ ብቻውን ሰውን እንዲህ አያስኬድም። ብዙው ዘማች ከአገሩ ልጅ ጎን ነው የሚዋጋው፤ ወደ ኋላ ቢል የሚያየው ጎረቤቱ ነው።

አገሩ ከተያዘ በኋላ የጀግና መለኪያው ተቀየረ። ጎጃም ላይ በላይ ዘለቀ፣ ሸዋ ውስጥ አበበ አረጋይ የመሩት ውጊያ ደፈጣ ነው፤ መትቶ መሰወር። የሽፍታ ሥራ ሲባል የኖረው ነገር ክብር ሆነ። «ዱር ቤቴ» ያለ ሰው ቢያፈገፍግ ማንም ፈሪ አይለውም።

እኔን ግን ይበልጥ የሚያስገርመኝ የውስጥ አርበኛው ነው። ቀን ለጣሊያን በአስተርጓሚነት ወይም በጸሐፊነት ይሠራል፤ በጎን ወሬ፣ ጥይት፣ መድኃኒት ወደ ዱር ያሻግራል። ሰፈሩ «ባንዳ» ብሎ ሲያማው መልስ መስጠት አይችልም፤ መልሱ ሰው ያስገድላል። ፈሪ ላለመባል ወደ መትረየስ መሮጥን እያየ ላደገ ሰው፣ ስድብን ውጦ ቢሮ መግባት ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ አዲስ አበባ ሆነው አርበኞችን ሲረዱ ተያዙ፤ ኢጣሊያ፣ አዚናራ ደሴት ድረስ ተጋዙ። ተመልሰውም ያንኑ ሥራ ቀጠሉ፤ በኋላ አዲስ ዓለም ላይ መሣሪያ ይዘው ተዋግተዋል።

ከነጻነት በኋላ ማን አርበኛ፣ ማን ባንዳ ነበር የሚለው ጭቅጭቅ ብዙ ዓመት ቆየ። ዱር የከረመው አብረውት የከረሙ ምስክሮች ነበሩት። ምስጢሩን በደንብ የጠበቀው የውስጥ አርበኛ ግን ማንን ይጥራ?