«አንድዬ» በፒኤችፒ ቤት

ፒኤችፒ ለረጅም ጊዜ የፕሮግራሚንግ ዓለም የእንጀራ ልጅ ነበር። የጃቫ ሰዎች ክራቫት አስረው ስለ «ዲዛይን ፓተርን» ሲያወሩ፣ እኛ የስክሪፕት ወገኖች ጥጋችንን ይዘን ኤችቲኤምኤል መሀል ኮድ እንሰነቅር ነበር። በኋላ ክራቫቱን ተውሰን አሰርነው። ልካችን ሆነ ወይ? የዛሬው ወጋችን እሱ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው፣ እንዳንጣላ።)

ፓተርን የሚለው ሐሳብ የመጣው ከኮምፒውተር ሳይሆን ከሕንፃ ነው። አርክቴክቱ ክሪስቶፈር አሌክሳንደር ከባልደረቦቹ ጋር በ1977 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ቤትና ከተማ ሲሠራ ደጋግመው የሚመጡ ችግሮችን ከነመፍትሔያቸው ስም እየሰጠ ዘረዘረ። በ1987 ኬንት ቤክና ዋርድ ካኒንግሃም ሐሳቡን ወደ ፕሮግራም አመጡት። በ1994 ደግሞ «አራቱ ወሮበሎች» የሚል ቅጽል የወጣላቸው ኤሪክ ጋማ፣ ሪቻርድ ሄልም፣ ራልፍ ጆንሰንና ጆን ቭሊሲደስ 23 ፓተርኖች የያዘውን መጽሐፍ አወጡ። ምሳሌዎቹ በሲ ፕላስ ፕላስና በስሞልቶክ ነበሩ። ይህችን ያዙልን።

በዚያው ሰሞን ራስመስ ለርዶርፍ ለግል ድረ ገጹ ትንንሽ መሣሪያዎች ይሠራ ነበር። በ1995 ለሕዝብ ለቀቃቸው፤ ፒኤችፒ ተወለደ። ስለ ክላስ ማን አስቦ! ክላስ የተጨመረለት በ1998፣ በፒኤችፒ 3 ነው። በ2000 በወጣው በፒኤችፒ 4 እንኳ አንድን ኦብጀክት ለሌላ ቫርያብል ስትሰጡት ይባዛ ነበር።

እስቲ አስቡት። ሲንግልተን የሚባለው ፓተርን (እኛ «አንድዬ» እንለዋለን፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለን) ዋና ሥራው ከአንድ ክላስ አንድ ኦብጀክት ብቻ እንዲኖር ማድረግ ነው። በነኩት ቁጥር በሚባዛበት ቤት አንድዬን ማንገሥ! በየቦታው የሪፈረንስ ምልክት መደንቀር ግድ ነበር፤ አንዷን ከረሳችሁ ሁለት አንድዬ ተፈጠረ ማለት ነው። ኮንስትራክተሩን ፕራይቬት ማድረግም ስለማይቻል የፈለገ ሰው አዲስ ይፈለፍላል።

ሐምሌ 2004 ፒኤችፒ 5 ወጣ። ፕራይቬቱ፣ ኢንተርፌሱ፣ አብስትራክት ክላሱ ሁሉ መጣ፤ ኦብጀክትም ዝም ብሎ መባዛቱን ተወ። ከዚያማ የፓተርን ሰርግ ሆነ። ለሦስት ገጽ ድረ ገጽ ፋክተሪ የተከለ ስንቱ ነው!

አንድዬ ግን ጉድ ነበረበት። ጃቫ ሰርቨር ላይ ያ አንድ ኦብጀክት ሰርቨሩ እስኪጠፋ ይኖራል፣ ሺህ ጎብኚ ይጋራዋል። በተለመደው የፒኤችፒ አሠራር ግን ጎብኚው ገጽ በጠየቀ ቁጥር ፕሮግራሙ ከባዶ ይነሣል፣ ገጹን ይልካል፣ የያዘውን ሁሉ ደምስሶ ይሞታል። አንድዬም አብሮ ይሞታል። በአንዱ ጥያቄ ውስጥ የዳታቤዝ ግንኙነት ደጋግሞ እንዳይከፈት ይረዳል፣ አንክድም። ከዚያ ያለፈው ግን ካባ የደረበ ግሎባል ቫርያብል ነው። ጋማ ራሱ በ2009 ቃለ መጠይቅ ላይ ሲንግልተን ከዝርዝሩ ቢወጣ እንደሚደግፍ ተናግሯል።

የሚገርመው፣ ነገሩን ቀድሞ ያየው ሰው ነበር። ፒተር ኖርቪግ በ1996 ባቀረበው ጥናት ከ23ቱ 16ቱ እንደ ሊስፕና ዲላን ባሉ ቋንቋዎች ወይ እንደሚጠፉ ወይ እጅግ እንደሚቀልሉ አሳየ። ምሳሌዎቹ በየትኛው ቋንቋ ነበር ያልናችሁ? ብዙው ፓተርን የዚያ ቋንቋ ቀዳዳ መጣፊያ ነበር።

ፒኤችፒም ይህንኑ በራሱ ላይ አሳየ። ስትራቴጂ ለሚባለው ፓተርን አንድ ሜተድ ብቻ ያላቸውን ክላሶች እንደረድር ነበር፤ በ2009 ፒኤችፒ 5.3 ስም የለሽ ፈንክሽን ሲሰጠን አብዛኞቹ ሥራ ፈቱ። ኢተሬተር ደግሞ አምስት ሜተድ ካልተጻፈለት ንቅንቅ አይልም ነበር። በ2013፣ በፒኤችፒ 5.5፣ «ዪልድ» የምትባል አንዲት ቃል መጣችና ለአብዛኛው ሥራ አምስቱን ተካቻቸው።

ፓይተን እኮ ይህችን ቃል ያገኛት በ2001 ነው። እኛ ያን ጊዜ አንድዬ እንዳይባዛ ዘብ ቆመን ነበር።